ለማስተርስ ውጭ መሄድ ለምታስቡ መምህራን

አዳማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። በ2015 ዓ.ም. ቼቭኒንግ በሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ሊድስ ከተማ ሄጄ በትምህርት ዘርፍ ማስተርሴን ይዤ ተመልሻለሁ። ከመጣሁ ጀምሮ ስታፍ ውስጥ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። አብዛኛው የሚጀምረው «ሰው ነበረህ እንዴ?» ብሎ ነው። አልነበረኝም። ኤጀንት ነኝ የሚል ጋም አልሄድኩም። የነበረኝ ጠመኔ ይዤ የቆምኩባቸው ዓመታት ናቸው። ማመልከቻውንም፣ ሴሚናሩንም፣ የመመረቂያ ጽሑፉንም የተወጣሁት በእነሱ ነው። እኛ መምህራን ግን ይህን ከቁጥር አናስገባውም። «ምን አለኝ፣ አስተማሪ ብቻ ነኝ» እንላለን። እንደዚያ እያላችሁ ማመልከቻ ከጻፋችሁ ባትጀምሩት ይሻላል።

የት ማመልከት ይቻላል?

ቼቭኒንግ የሚከፍለው ለአንድ ዓመት ማስተርስ ነው። የትምህርት ክፍያውን፣ የወር መተዳደሪያውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱንና የቪዛውን ወጪ ይችላል። በምላሹ የመጀመሪያ ዲግሪና 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የሁለት ዓመት ሥራ ገደማ ማለት ነው። ስትጨርሱ ደግሞ አገራችሁ ተመልሳችሁ ሁለት ዓመት መቀመጥ ግዴታ ነው። የዕድሜ ጣሪያ የለውም። ይህን ለይቼ የምናገረው አርባ የሞላቸው ባልደረቦቼ «እኛንማ አለፈን» ሲሉ ስለምሰማ ነው። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ተከፍቶ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ ይዘጋል። ክረምቱ በእጃችሁ ነው ማለት ነው። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ 74 ደብተር እያረሙ ይህን መጻፍ አይታሰብም።

እንግሊዝ አይሆነኝም ለሚል የጀርመኑ ዳድ፣ የአሜሪካው ፉልብራይትና የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባሉ ስኮላርሺፖች አሉ። ኢራስመስ ሙንዱስ ቢያንስ ሁለት አገር እያዘዋወረ ያስተምራል። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ግን አገራችን ኮመንዌልዝ የሚባለው የአገሮች ማኅበር አባል ስላልሆነች አይመለከተንም፤ ቴሌግራም ላይ ቢለጠፍም አትልፉበት። ቼቭኒንግ ለማመልከት ደግሞ አንድ ሳንቲም አይከፈልም። «ፎርሙን ልሙላልህ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ካለ ስልኩን ዝጉት።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ለስኮላርሺፑ አመለከታችሁ ማለት ለዩኒቨርሲቲው አመለከታችሁ ማለት አይደለም። ሦስት ኮርስ ትመርጣላችሁ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለብቻው ታመለክታላችሁ። ሐምሌ መጀመሪያ ገደማ ቢያንስ ከአንዱ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ እንደተቀበላችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ በእጃችሁ መኖር አለበት። የስኮላርሺፑን ቃለ መጠይቅ አልፎ በዚህ የወደቀ ሰው አውቃለሁ።

ወረቀት

ዲግሪና ትራንስክሪፕት አሁኑኑ ስካን አድርጋችሁ ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡ። ኦሪጅናሉን ከሬጅስትራር ያላወጣችሁ ካላችሁ የወጪ መጋራቱን ጉዳይ ከአሁኑ ጨርሱ። ደጅ መጥናት የማይቀር ነው፤ ከተቻለ ሰኔ ላይ ጥኑት።

ስማችሁን በእንግሊዝኛ ፊደል አመሳክሩ። ዲግሪው ላይ በአንድ «ኤስ»፣ ፓስፖርቱ ላይ በሁለት «ኤስ» የተጻፈ ስም በኋላ ብዙ ያመላልሳል። ዓመተ ምሕረቱንም እዩት። አንዱ ሰነድ ላይ በእኛ፣ ሌላው ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ የተመረቃችሁበት ዓመት በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይዛባል። ፎርም ስትሞሉ ሁሉንም ወደ ፈረንጅ አዙሩና ልዩነቱን በአንድ መስመር አስረዱ። ቃለ መጠይቅ ሲቀጠርላችሁም እንዲሁ ነው፤ 10:00 የሚለው የእኛ ጠዋት 4 ሰዓት ነው።

የምስክርነት ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን ሁለት ሰዎች ቀድማችሁ አነጋግሩ። እኔ ርዕሰ መምህሬንና የድሮ አማካሪዬን ያዝኩ። ርዕሰ መምህራችን ኢሜይል የሚከፍቱት ስብሰባ ሲጠሩ ብቻ ነበር። ስለዚህ ቢሯቸው ሄጄ ምን ምን እንደሠራሁ፣ በየትኛው ዓመት፣ ከየትኛው ክፍል ጋር እንደሆነ በአንድ ገጽ አስቀምጬ ሰጠኋቸው። «ጋሼ፣ ያዩትን ብቻ ይጻፉልኝ» አልኳቸው። አሪፍ ደብዳቤ ጻፉልኝ።

አይኤልትስ

ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚጠይቁት የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ነው። እንግሊዝኛ ስለምታስተምሩ ብቻ ሳትዘጋጁ አትግቡ። አብዛኛው ማስተርስ በአጠቃላይ 6.5፣ በየክፍሉ ደግሞ ከ6 ያላነሰ ይፈልጋል። መምህራንን የሚጥለው ጽሕፈቱ ነው። 60 ደቂቃ አላችሁ፤ የመጀመሪያው ሥራ 150 ቃል፣ ሁለተኛው 250 ቃል ነው። ሁለተኛው የበለጠ ነጥብ ስላለው 40ውን ደቂቃ ለእሱ ስጡ። እኛ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንጽፍ ስለኖርን በሰዓት ተወጥሮ ረጅም ነገር መጻፍ ለምዶብን አያውቅም። ስልካችሁ ላይ ሰዓት ሞልታችሁ በየቀኑ አንድ ጻፉ። ለዲፓርትመንት ባልደረባችሁ ስጡትና ያርምላችሁ፤ ቀይ እስክሪብቶ መቼም አይጠፋም። ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው። በጣም ቀድሞ መፈተንም ገንዘብ ማባከን ነው።

ጽሑፎቹ

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። ቼቭኒንግ አራት ጽሑፍ ያጽፋል፤ ስለ አመራር፣ ከሰው ጋር ስለምትፈጥሩት ትስስር፣ ኮርሱን ለምን በእንግሊዝ እንደፈለጋችሁትና ተመልሳችሁ ስለምትሠሩት። አብዛኛው መምህር «አመራር» የሚለውን ሲያይ ይደነግጣል። ዳይሬክተር አይደለሁም፣ ሱፐርቫይዘር አይደለሁም ብሎ ከአቅሙ በላይ ሊንጠራራ ይሞክራል። ከዚያ እንዲህ ይጽፋል፤

«ትምህርት ለአንድ አገር ዕድገት ወሳኝ ሚና ይጫወታል። እኔም የበኩሌን አስተዋጽኦ ለማበርከት ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ።»

ይህን ስንቱ ሺህ ሰው ይልከዋል። አንባቢው ስለ እናንተ የሰማው አንድም ነገር የለም። የእኔ አንቀጽ፣ ከእንግሊዝኛው ስመልሰው፣ እንዲህ ይል ነበር፤

«9ኛ ሲ 74 ተማሪ ነበረው። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ለሦስት አንድ ይደርሳል። ገሚሱ እስከ 8ኛ በአፋን ኦሮሞ፣ ገሚሱ በአማርኛ ተምሮ መጥቶ ድንገት ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ሆነበት። መጽሐፉን የሚጋሩትን ሦስቱን አንድ ቡድን አደረግኋቸው። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ አንዱ ያልገባቸውን ቃል ይመዘግባል፣ አንዱ የተነበበውን በራሱ ቋንቋ ይናገራል። በየሳምንቱ ይቀያየራሉ። የባዮሎጂ መምህሩ መጀመሪያ ‹ጊዜ የተረፈው› ብሎ ሳቀብኝ። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መጥቶ አሠራሩን ለራሱ ክፍል ወሰደው፤ ከእሱ ወደ ጂኦግራፊው ተሻገረ።»

እዚህ ውስጥ «መሪ ነኝ» የሚል ቃል የለም። ግን ችግር አለ፣ ውሳኔ አለ፣ የተቃወመ ሰው አለ፣ ከእኔ አልፎ የሄደ ነገር አለ። እናንተም አላችሁ። ሆምሩም ቲቸር ሆናችሁ ልታቋርጥ የነበረችን ልጅ ከወላጆቿ ጋር ተነጋግራችሁ አስቀርታችሁ ይሆናል። የተሰባበረ ወንበር በተማሪዎች አስጠግናችሁ ይሆናል። ሲፒዲ የሚባለውን የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ፋይል አውጡና አገላብጡት። ለደረጃ ዕድገት ብላችሁ የጻፋችሁት አክሽን ሪሰርች (የራስን ክፍል ችግር የሚያጠና ጽሑፍ) ውስጥ ለአራቱም ጽሑፍ የሚበቃ ነገር አለ። አብዛኛው ሰው ቅጹን ለመሙላት ብቻ ይሠራዋል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ቁጥሩ፣ ቀኑና የክፍሉ ስም እዚያ ተጽፎ ተቀምጧል።

ወደፊት ስለምትሠሩት ስትጽፉም አገሩን በሙሉ አትሸከሙ። «የኢትዮጵያን የትምህርት ሥርዓት እለውጣለሁ» ውሃ አያነሳም። «የትምህርት ቤታችንን የ9ኛ ክፍል የመጀመሪያ ስምንት ሳምንት የቋንቋ ድልድይ አደርገዋለሁ» ያስኬዳል። በቃለ መጠይቁ የሚመጣው ጥያቄም ከዚሁ የተነሳ ነው። እንዴት? ከማን ጋር? እምቢ ቢሉህስ?

ከሥራ መለቀቅ

ከቪዛው የበለጠ ያለፋኝ ይህ ነው። የትምህርት ፈቃድ ጥያቄዬ አንድ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ከረመ። «ኃላፊው የሉም»፣ «ደብዳቤው መዝገብ ቤት ነው»፣ «ተርጉመህ አምጣ»። መጨረሻ ላይ ያለ ደመወዝ ተፈቀደልኝ። ዋስ አቀረብኩ፣ ውል ፈረምኩ። ምክሬ አጭር ነው። ያስገባችሁትን ሁሉ በቁጥርና በማኅተም ኮፒውን ያዙ። ውሉን ሳትፈርሙ ስንት ዓመት ለማገልገል ግዴታ እንደገባችሁ አንብቡ። ዋስ የሚሆናችሁን ሰው ደግሞ ያለ ሐፍረት አስረዱት፤ ብትቀሩ የሚጠየቀው እሱ ነው። ቤተሰብ ካላችሁ ያለ ደመወዝ የሚያልፈውን ዓመት ባለቤታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ በብር አስሉት። የወር መተዳደሪያው የሚሰላው ለአንድ ሰው ነው፤ ቆጥባችሁ ብትልኩ እንኳ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ላይ ብዙ አትጠብቁ።

ቪዛ ብዙ አያስቸግርም። ዩኒቨርሲቲው ካስ የሚባለውን የቅበላ ማረጋገጫ ቁጥር ይልካል፣ የስኮላርሺፑን ደብዳቤ ትይዛላችሁ፣ አሻራ ትሰጣላችሁ። ከስድስት ወር በላይ ስለምትቆዩ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ግዴታ ነው። አዲስ አበባ በዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት (አይኦኤም) ክሊኒክ ራጅ ትነሳላችሁ፤ ወረቀቱ የሚያገለግለው ስድስት ወር ነው። እኔ ስሄድ የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ነበር፤ አሁን በኢንተርኔት የሚታይ ኢቪዛ ሆኗል፤ አካውንቱን ከመሳፈራችሁ በፊት ክፈቱ።

ሻንጣ ላይ፦ በርበሬና ሽሮ ያዙ። ንጥር ቅቤና ቋንጣ ግን ተዉት። የእንስሳት ተዋጽኦ ከእኛ አገር ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ኤርፖርት ላይ ይወስዱባችኋል። እናቴ ይህን እስከ ዛሬ አላመነችኝም።

እዚያ ስትደርሱ

ሊድስ ዝናብ የማያጣው ከተማ ነው። ታኅሣሥ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል፤ በእኛ ሰዓት ማለቴ ነው። ወፍራም ጃኬት ከዚህ አትግዙ፤ እዚያ ከበጎ አድራጎት ሱቆች ያገለገለ በርካሽ ይገኛል። አትክልት ከከርክጌት ገበያ ግዙ። በጣሪያ ሥር ያለ ትልቅ ገበያ ነው፤ ወደ ማታ ሲሄዱበት ቲማቲሙን በሳህን እየሞሉ ይሸጡታል። የቀረውን ትለምዱታላችሁ።

የማይለመደው ሴሚናሩ ነው። ክፍሉ ውስጥ ዐሥራ አምስት ሰው ይቀመጣል፤ መምህርቷም ከእናንተው ጋር ክብ ሠርታ ትቀመጣለች። በስሜ ጥሩኝ ትላለች። ለሳምንቱ ሦስት አራት ጽሑፍ አንብባችሁ መጥታችኋል ተብሎ ይታሰባል። ሁሉንም ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ አትሞክሩ፤ አይቻልም። መግቢያውንና መደምደሚያውን አንብቡ፣ ጥናቱ የት፣ በስንት ሰው ላይ እንደተሠራ እዩ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ ይህ 9ኛ ሲ ውስጥ ይሠራል? መልሱን ጽፋችሁ ግቡ። የምትናገሩት እሱን ነው።

እኔ እዚያ እያለሁ ጥር ላይ የአገራችን የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጣ። ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተናው ኩረጃን ለመግታት ተብሎ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የተሰጠበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። በዚያው ሳምንት የሴሚናሩ ርዕስ ምዘና ነበር። ዜናውን ስናገር ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ከቻይና የመጣ መምህር «ፈተናው የለካው ፊዚክሱን ነው ወይስ እንግሊዝኛውን?» አለኝ። እኔ ስለ ኩረጃ ልከራከር ነበር የተዘጋጀሁት። የእሱ ጥያቄ ግን የዚያን መንፈቅ ዓመት ትልቁን ጽሑፌን ሰጠኝ። እንግሊዝኛ የሚከብደው ልጅ በእንግሊዝኛ ሲፈተን ምኑ ይለካል? መጽሐፍት ቤት ገብቼ ስፈልግ በዚህ ላይ ከደቡብ አፍሪካና ከታንዛኒያ የተጻፈ ብዙ ነገር አገኘሁ። ክፍሉ ውስጥ ስለ አዳማ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ይህን አትርሱት።

ነጥብ አሰጣጡን ቀድማችሁ እወቁ። እዚያ 50 ማለፊያ ነው፣ 60 ጥሩ ነው፣ 70ና ከዚያ በላይ ከፍተኛው ማዕረግ ነው። እዚህ 95 ስታመጡ ለነበራችሁ ሰዎች 58 ማየት ያስደነግጣል፤ አይዟችሁ። ጽሑፉ ላይ የሚጻፈው አስተያየት ከቁጥሩ ይበልጣል። የእኔ ላይ ከዳር በኩል ደጋግሞ የሚመጣው «እሱ ይህን ብሏል፤ አንተስ?» የሚል ነበር። እኛ የተማርነው የተባለውን በትክክል መመለስ ነው። «ሀ እንዲህ ይላል፣ ለ እንዲህ ይላል» ብለን እንደረድራለን። እዚያ ግን እንዲህ መጻፍ አለበት፤ «ሀ የቡድን ንባብ ይሠራል የሚለው 25 ተማሪ ያለበትን ክፍል አጥንቶ ነው። 74 ተማሪ ባለበትና መጽሐፍ ለሦስት በሚደርስበት ክፍል ግን የሚሠራው ቡድኑ በመጽሐፉ ቁጥር ሲከፋፈል ነው፤ ምክንያቱም…» ከ«ምክንያቱም» በኋላ ያለው ነው ነጥብ የሚያስገኘው። ለእኔ ልዩነቱ ይህችው ናት።

ጥቅሱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዞተሮ በሚባለው የምንጭ መመዝገቢያ ሶፍትዌር መዝግቡ፤ ነፃ ነው። የምታስገቡት ሁሉ ተርኒቲን በሚባል የኩረጃ መፈተሻ ውስጥ ያልፋል። ከሰው የተወሰደ አንድ አንቀጽ ያለ ምንጭ ከተገኘ ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ይሄዳል። የጽሕፈት ድጋፍ የሚሰጥ ክፍል አለ፤ በነፃ ቀጠሮ ያዙ። እኔ በየጊዜው እሄድ ነበር። የሚያፍር አበሻ ብዙ አይቻለሁ።

የመመረቂያ ጽሑፍ

ከ180 ክሬዲቱ 60 የሚሆነውን የሚይዘው እሱ ነው፤ የሚጻፈውም በበጋቸው፣ በእኛ ክረምት ነው። ስለ ራሳችሁ ትምህርት ቤት ለመጻፍ ካሰባችሁ ዝግጅቱ ከአገር ቤት ይጀምራል። ሳትሄዱ ርዕሰ መምህሩ መረጃ ለመስጠት መስማማታቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ በማኅተም ያዙ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ መጠየቅ የወላጅ ፈቃድ ይፈልጋል፣ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይፈቅድም አንድ ሰው እንኳ ማናገር አይቻልም። ፈቃዱ ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ እኔ ተማሪዎቹን ትቼ መምህራኑን ጠየቅሁ። ቃለ መጠይቁን በስልክ ስሠራ ኔትወርክ እየተቆራረጠ ስለነበር ጥያቄዎቹን አስቀድሜ በቴሌግራም ላክሁና መልሱን በድምፅ ቀርጸው እንዲልኩልኝ አደረግሁ። ይህንንም ኮሚቴው ቀድሞ ማወቅ አለበት። ደግሞ ሐምሌ ላይ መምህር አይገኝም፤ ክረምት ነው፣ አገር ቤት ይሄዳል። ግንቦት ሳያልቅ ጨርሱ።

ስትመለሱ

የምረቃው ሥነ ሥርዓት እናንተ ከመጣችሁ በኋላ ሊሆን ይችላል። ዲግሪው በፖስታ በምን አድራሻ እንደሚላክ ሳትወጡ አስመዝግቡ፤ ትራንስክሪፕቱንም በዲጂታል አውርዱ። እዚህ የአቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። የደረጃና የደመወዝ ለውጡ ያንን ወረቀት ሳትይዙ አይነቃነቅም፤ ይዛችሁም ቀስ ብሎ ነው።

ከምንም በላይ ግን መጽሐፍት ቤቱን አራግፉት። የምትጠቀሙበት የዩኒቨርሲቲ አካውንት ከተመረቃችሁ በኋላ ይዘጋል፤ እዚህ ሆናችሁ አንድ ጽሑፍ ለማንበብ በዶላር ክፈሉ ትባላላችሁ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ስለ ትልልቅ ክፍሎች፣ ስለ ንባብ፣ በሁለተኛ ቋንቋ ስለ ማስተማር የተጻፈውን ሁሉ አውርዳችሁ በሃርድ ዲስክ አምጡ። የእኔ ሃርድ ዲስክ አሁን ስታፍ ውስጥ ከዲፓርትመንት ኃላፊው ጋር ነው፤ የሚፈልግ ፍላሽ ይዞ ይመጣል።